ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ሲበላሽ ኪስ የሚጎዳው የቱ ነው?

ጀማሪ_ገዢ

ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ እየዞርኩ ነው። ያማከርኩት ሰው ሁሉ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው፤ «ባትሪው ከሞተ አለቀልህ»። ከዚያ ወዲያ የሚያብራራልኝ አላገኘሁም። ፍሬኑ፣ ሞተሩ፣ ቻርጀሩ፣ ኤሲው አይበላሹም? ሲበላሹስ የትኛው በቀላሉ ይጠገናል? ሂሳቡ ሲመጣ የሚያስደነግጠው የትኛው ነው?

ዓይኔ ያረፈበት አንድ መኪና አለ። ስድስት ዓመት ሆኖታል። አካሉ ንጹህ ነው፤ ሲነዳም ደስ ይላል። ሻጩ ቻርጅ ሲያደርግ ያሳየኝ ፈጣን ቻርጀር ላይ ወስዶ ነው። ቤት የሚሰካው ገመድ የት አለ ስለው «ጠፍቷል፣ ርካሽ ነው፣ ትገዛለህ» አለኝ። ነገሩ አልተዋጠልኝም። ዝም ብዬ ነው የምጠረጥረው?

ከጋራዥ_ውስጥ

ጥርጣሬህ ልክ ነው ወንድሜ። ገመድ ተውሰህም ቢሆን ይዘህ ሂድ።

ምክንያቱን ላስረዳህ። ቤት ያለው ኤሌክትሪክ ተለዋዋጭ ነው። ባትሪ ደግሞ የሚቀበለው ቀጥተኛውን ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናው ውስጥ ያለ አንድ ሳጥን እየቀየረ ያቀብለዋል። ኦንቦርድ ቻርጀር የሚባለው እሱ ነው። ፈጣን ቻርጀር ግን ቀይሮ የጨረሰውን ነው የሚሰጠው። ሳጥኑን አልፎ በቀጥታ ባትሪው ጋ ይደርሳል። አየህ፣ ኦንቦርድ ቻርጀሩ የተቃጠለ መኪና ፈጣን ቻርጀር ላይ ምንም ሳይል ይሞላል።

ሻጩን ሌባ አላልኩም። ገመድ ይጠፋል። ግን ሳትሞክር አትግዛ። ስትሞክር ደግሞ መብራቱ በራ ብለህ ወዲያው አትንቀል። አንድ ሰዓት ያህል ተሰክቶ ይቆይ። ሲቀዘቅዝ ሠርቶ ሲሞቅ የሚያቋርጥ ቻርጀር አለ።

ስለ ወጪው ካነሳህ፣ ከባትሪው ቀጥሎ የሚከብዱት እነዚህ ሳጥኖች ናቸው፦ ኦንቦርድ ቻርጀር፣ ኢንቨርተር (የባትሪውን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ለሞተሩ ወደ ተለዋዋጭ የሚቀይረው)፣ ዲሲ-ዲሲ ኮንቨርተር (የትልቁን ባትሪ ቮልት ዝቅ አድርጎ ትንሿን 12 ቮልት ባትሪ የሚሞላው)። አምራቾች ቦታና ክብደት ለመቆጠብ ሁለቱን ወይም ሦስቱን በአንድ ሳጥን እያደረጓቸው ነው። አንዱ ሲበላሽ ታዲያ የምትገዛው ሁሉንም ነው። የሂዩንዳይና የኪያው አይሲሲዩ እንዲህ ያለ ነው። ኦንቦርድ ቻርጀሩንና የ12 ቮልት ባትሪዋን የሚሞላውን ኮንቨርተር አንድ ላይ ይዟል። አዮኒክ 5፣ አዮኒክ 6 እና ኢቪ6 በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2024 ሪኮል ተደርገዋል፤ ማለትም አምራቹ ጉድለቱን ለማስተካከል መልሶ ጠርቷቸዋል። እሱ ሲበላሽ 12 ቮልቷ መሞላቷን ታቆማለች፤ መኪናው እየሄደ ጉልበት ሊያጣ ይችላል። ከእነዚህ አንዱን የምትገዛ ከሆነ የሪኮሉ ሥራ መሠራቱን በሻንሲ ቁጥሩ አጣራ።

ሽቦ_አንባቢ

የእኔ ሥራ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው። «ቻርጀሩ ሞቷል» የተባለ ሳጥን ይመጣልኛል። ስከፍተው አብዛኛው ደህና ነው። የተቃጠለው ፊውዝ ወይም አንድ ሁለት ትራንዚስተር ይሆናል። ያበጠ ካፓሲተርም ይገኛል። እርጥበት ገብቶ የቦርዱን አንድ ጥግ የበላበትም አለ። እነዚህን መቀየር የሚችል ሰው ካገኘህ የምትከፍለው ለአዲስ ሳጥን ከምታወጣው በጣም ያንሳል።

ሁለት ነገር ግን ጠይቀው። አንደኛ፣ ለምን ተቃጠለ? ሳጥኑን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ (ኩለንት) ካልዞረ፣ ፓምፑ ሳይቀየር ቦርዱ ብቻ ቢጠገን ተመልሶ ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ ከሌላ መኪና የተፈታ ሳጥን ልግጠምልህ ካለህ መኪናው ይቀበለዋል ወይ? በብዙ ሞዴሎች ሳጥኑ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ይተዋወቃል። በአምራቹ ሶፍትዌር ካልተመዘገበ ዝም ይላል። ሰው የተፈታ ዕቃ በርካሽ ይገዛና ለማስመዝገቢያው ሌላ ገንዘብ ያወጣል፤ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። የራስህ ሳጥን ሲጠገን ይህ ጣጣ የለም።

ዘወትር_ሹፌር

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ግን የኤሌክትሪክ መኪና ከያዝኩ ቆይቻለሁ። ትልቁ ባትሪ አስቸግሮኝ አያውቅም። መንገድ ላይ ያስቀረችኝ ትንሿ 12 ቮልት ናት። አንድ ቀን ጠዋት መኪናው አልነሳ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ የሌለ ማስጠንቀቂያ የለም። ፍሬን፣ መሪ፣ ኤርባግ፣ «የኤሌክትሪክ ሲስተም ችግር»፣ ሁሉም በራ። ያስጎተትኩበት ጋራዥ ትልቁ ባትሪ ካልወረደ አለኝ። አንድ ወዳጄ ነው «መጀመሪያ 12 ቮልቷን ለኩ» ያላቸው። ስትለካ ሞታለች። እሷን ቀየሩ፤ ማስጠንቀቂያው ሁሉ ጠፋ። ሳይለካ ባትሪ ይውረድ ማለት ምን ማለት ነው? እስካሁን ያናድደኛል።

ወንድሜ፣ ለገዛኸው መኪና መጀመሪያ የምትቀይረው እሷን ይሁን። ዋጋዋ ከሌላው ጋር አይወዳደርም።

ከጋራዥ_ውስጥ

እህቴ ትክክል ብለሻል። ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኙ ኮንታክተር የሚባሉ ወፍራም ማብሪያዎች አሉ። የሚዘጉት በ12 ቮልት ነው። ትንሿ ባትሪ ከደከመች ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም። ኮምፒውተሮቹም ቮልት ሲያንሳቸው የሌለ ስህተት ይመዘግባሉ። መንገድ ላይ ለቆሙ መኪናዎች እርዳታ የሚሰጠው የጀርመኑ አዳክ በሚያወጣው የብልሽት መረጃ፣ ኤሌክትሪክ መኪናን ከሚያቆሙት ነገሮች ቀዳሚዋ ይህችው 12 ቮልት ናት። በነዳጅ መኪናም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ አንድ መኪና በማስጠንቀቂያ ተሞልቶ ሲመጣ መጀመሪያ 12 ቮልቷን እለካለሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩ የመዘገባቸውን የስህተት ኮዶች አጥፍቼ እንደገና አስነብባለሁ። የሚመለሰው ኮድ ነው እውነተኛው።

መንገደኛ7

ፍሬንና ጎማስ? ኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን ሸራ አይጨርስም ሲባል እሰማለሁ።

ዘወትር_ሹፌር

እውነት ነው፣ ቶሎ አያልቅም። እግርህን ከፔዳሉ ስታነሳ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ፍሬኑ ሥራ ይፈታል። ችግሩም እሱው ነው። የማይሠራ ፍሬን ይዝጋል። ዲስኩ ይበላል፤ የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ዕቃ) ፒን ይጣበቃል። በተለይ የኋላው። እኔ አልፎ አልፎ ባዶ መንገድ ሳገኝ ጠንከር አድርጌ እረግጠዋለሁ። ካሊፐሩን ማስፈታት፣ ማስጸዳት፣ ቅባት ማስቀባት በርካሽ ይሠራል። ዝም ካልከው ግን ዲስኩንም ካሊፐሩንም ትቀይራለህ።

ጎማ ላይ ግን አልዋሽህም፣ ይበላል። መኪናው ከባድ ነው። ከቆመበት ሲነሳ ደግሞ ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። ክብደቱ የእግሩን ቡሾችና የኳስ መጋጠሚያዎችንም ቶሎ ያደክማል። ይሄን ግን ማንኛውም መካኒክ ይሠራዋል።

ሂሳብ_አስላ

ሁላችሁም ጥሩ እያላችሁ ነው፤ ግን ባትሪውን እንዳናቃልለው። ሁሉ ነገር ተጠግኖ ባትሪው ቢወድቅ የመኪናው ዋጋ ይወድቃል። የመጀመሪያዎቹን ኒሳን ሊፎች ተመልከቱ። መኪናው እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ገበያ ላይ ሲወጣ ባትሪው ፈሳሽ ማቀዝቀዣ አልነበረውም። ሞቃት አገር የዋሉት በጥቂት ዓመት ውስጥ ብዙ አቅም አጥተዋል። ጀማሪ_ገዢ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ባትሪው በምን ይቀዘቅዛል?» ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ቻርጀር እናውራ።

ከጋራዥ_ውስጥ

ሂሳብ_አስላ፣ በዚህ አልከራከርህም። የማቀዝቀዣው ነገር ትልቅ ነው። ግን የባትሪ መድከምና የባትሪ መበላሸት ይለያያሉ። ሰው ሁለቱን ይቀላቅላል።

መድከም ማለት አቅሙ በዝግታ መቀነስ ነው። የተሽከርካሪ መረጃ የሚሰበስበው ጂኦታብ በ2024 ባወጣው ትንተና አማካዩ በዓመት 1.8 በመቶ ገደማ ነው። እንደዚያ ብናስብ ስድስት ዓመት የሆነው መኪና ከአዲስነቱ ወደ 89 በመቶ ይቀረዋል። አማካይ ነው እንግዲህ። ሙቀት የበዛበት፣ ሁልጊዜ 100 በመቶ ተሞልቶ የቆመ፣ ሁልጊዜ በፈጣን ቻርጀር የሚሞላ መኪና ከዚህ ሊያንስ ይችላል። የደከመ ባትሪ ግን ይነዳል። የሚያጥረው የምትሄድበት ርቀት ነው። ብዙ አምራቾች ለ8 ዓመት ወይም ለ160,000 ኪሎሜትር፣ ከ70 በመቶ በታች እንዳይወርድ ዋስትና ይሰጣሉ። ዋስትናው ለሁለተኛ ባለቤት ይተላለፍ እንደሆነና አንተ ባለህበት አገር ይሠራ እንደሆነ ግን ጠይቅ።

መበላሸት ሌላ ነው። ትልቁ ባትሪ የብዙ ትናንሽ ሴሎች ስብስብ ነው፤ ጥቂት ሴሎች አንድ ላይ ሲታሸጉ ሞጁል ይባላሉ። ከመቶ ሴሎች አንዱ ወይም አንድ ሞጁል ይወድቃል። ኮንታክተር ይጣበቃል። የሙቀት ሴንሰር ይሞታል። ውሃ ይገባል። መኪናው ይቆማል፤ የቀረው ባትሪ ግን ደህና ነው። «ሙሉ ባትሪ ይቀየር» የሚል ሰው ባትሪውን ከፍቶ የትኛው እንደወደቀ ካላሳየህ እሺ አትበል። የሊፍ 24 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ 48 ሞጁል ነው ያለው። አንዱ ቢሞት 47ቱን ለምን ትጥላለህ?

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልስጥ። በአሮጌ ሞጁሎች መካከል አንድ አዲስ ማስገባት መፍትሔ አይሆንም። ተከታትለው በተያያዙ ሴሎች ውስጥ አቅሙን የሚወስነው ደካማው ነው። የሚገባው ሞጁል አቅሙ ከጓደኞቹ ጋር የተቀራረበ መሆን አለበት። ሲገባም ቮልቱ ከእነሱ ጋር መስተካከል አለበት። ይህን ሳያደርግ የሚገጥም ሰው ብዙ ሳይቆይ መልሶ ያስከፍትሃል።

መንገደኛ7

ታዲያ የባትሪውን ጤና ሻጩ ቤት ቆሜ በምን አውቃለሁ? ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ላምነው?

ሽቦ_አንባቢ

ብቻውን አትመነው። በሊፍ ላይ 12 የአቅም መስመሮች አሉ። የመጀመሪያዋ መስመር ስትጠፋ 15 በመቶ ገደማ ሄዷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ 6 በመቶ አካባቢ ናት። መጥፎው ነገር የባትሪውን ኮምፒውተር ሪሴት ማድረግ ይቻላል። ሪሴት የተደረገ ደካማ ባትሪ ለጊዜው 12 መስመር ሞልቶ ያሳያል። ጥቂት ሲነዳ ይገለጣል፤ ያኔ ግን ገንዘቡ ሄዷል። ይህን እያወቀ የሚያደርግ ሻጭ በሰው ልፋት ላይ ነው የሚጫወተው።

ስለዚህ በትንሽ የኦቢዲ ማንበቢያ (መኪናው ላይ ተሰክቶ የኮምፒውተሩን መረጃ የሚያነብ) እና በስልክ አፕ የእያንዳንዱን ሴል ቮልት እይ። ለሊፍ ሊፍስፓይ የሚባለው አለ፤ ለሌሎቹም የየራሳቸው አለ። የምታየው በጣም ከፍተኛና በጣም ዝቅተኛ በሆነው ሴል መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ቆሞ ሲለካ ተቀራርበው፣ ጠንከር ተደርጎ ሲነዳ አንዱ ብቻውን ዘጭ የሚል ከሆነ ደካማው እሱ ነው። ባትሪው ወደ ታች ሲወርድም ሞክረው፤ ሙሉ ሲሆን ሁሉም ጥሩ ይመስላል።

የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከሆነ ትንሽ ይለያል። የዚህ ባትሪ ቮልት ከላይ እስከ ታች ብዙም አይቀያየርም። ኮምፒውተሩ ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ ይቸገራል። ለዚህ ነው አምራቾች አልፎ አልፎ እስከ 100 ሙሉት የሚሉት። ለረጅም ጊዜ ያልሞላ መኪና የሚያሳይህን ቁጥር እንዳለ አትውሰድ።

ሂሳብ_አስላ

ለሪኮል የተጠሩ መኪናዎችንም ሰው በጅምላ አይሽሽ። የሼቭሮሌ ቦልት ባትሪ በሴል ውስጥ ባለ የፋብሪካ ጉድለት የተነሳ እሳት ስላስነሳ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ2017 እስከ 2022 የተመረቱት በሙሉ ተጠርተዋል። ሂዩንዳይ ኮናም በዚያው ዓመት ባትሪ እንዲቀየርለት ተጠርቷል። ከእነዚህ ውስጥ ባትሪው በእርግጥ የተቀየረለት መኪና አካሉ አሮጌ፣ ባትሪው ከአካሉ ያነሰ ዕድሜ ያለው ነው። ወረቀቱ ካለ ጥሩ ግዢ ነው። ወረቀቱ ከሌለ ተወው።

ሬኖ ዞኢ የምትፈልጉ ደግሞ ባትሪው የሻጩ ነው ወይስ በኪራይ ነው ብላችሁ ጠይቁ። መኪናው ተሽጦ ባትሪው የተከራየባቸው አሉ።

መንገደኛ7

እኔ ያለኝ መኪና በ«ኢንሱሌሽን ችግር» አልነሳ ይላል። ዝናብ ሲሆን ይብሳል። የወሰድኩበት ቦታ ባትሪ ነው አሉኝ። የጠየቁኝን ሂሳብ መናገር ይከብደኛል።

ከጋራዥ_ውስጥ

ምንም አትክፈል፤ መጀመሪያ ይህን አንብብ። በዚህ ኮድ ሰው ያለአግባብ ባትሪ ሲቀየርበት አይቻለሁ፤ በጣም ያናድደኛል።

የትልቁ ባትሪ ከፍተኛ ቮልት ከመኪናው አካል ጋር ፈጽሞ መነካካት የለበትም፤ ይህን የሚከለክለው መሸፈኛ ኢንሱሌሽን ይባላል። መኪናው ይህን ራሱ እየለካ ይከታተላል። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 100 ለቀጥተኛው ክፍል በእያንዳንዱ ቮልት ቢያንስ 100 ኦም ይጠይቃል። ተለዋዋጩ ከእሱ ጋር ሲያያዝ 500 ኦም ነው። በ400 ቮልት መኪና 500ውን ብትወስድ 200 ኪሎ ኦም ይመጣል። መኪናው ከገደቡ በታች ሲያገኝ ኮድ ያወጣል፤ አልነሳም ይላል። ልብ በል፤ ኮዱ ማፍሰሱን እንጂ የት እንደሚያፈስ አይነግርህም። በዚያው መስመር ላይ ባትሪው፣ ኢንቨርተሩ፣ ሞተሩ፣ ኦንቦርድ ቻርጀሩ፣ ማሞቂያውና የኤሲው ኮምፕረሰር አሉ።

ሥራው ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከፍተኛ ቮልቱ ይዘጋል። ከዚያ እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው እየተነቀለ በኢንሱሌሽን መለኪያ ይለካል። ደህና ያልሆነው ራሱን ያሳያል። ዝናብ ሲሆን የሚብስ ከሆነ የገመድ መጋጠሚያዎችንና የቻርጅ መሰኪያውን ቀድመህ አስፈትሽ።

ኤሲህ በቅርቡ ተሞልቷል? ተሞልቶ ከሆነ ኮምፕረሰሩን ጠርጥር። የኤሌክትሪክ መኪና ኮምፕረሰር ሞተሩ በውስጡ ነው፤ ዘይቱ ሽቦውን ይነካል። ስለዚህ ብዙዎቹ ፒኦኢ የሚባለውን ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዘይት ነው የሚጠቀሙት። ኤሲ ሠሪው ለነዳጅ መኪና የሚጠቀምበትን ፒኤጂ ዘይት ከጨመረበት ኢንሱሌሽኑ ይወርዳል። ያንን ያደረገው ሰው የኤሲውን ጋዝ ብቻ የሞላ ይመስለዋል። ኮምፕረሰር መቀየርና መስመሩን ማጠብ ራሱ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ከባትሪ ጋር ግን በአንድ ሚዛን አይቀመጥም።

መንገደኛ7

ባለፈው ወር አስሞልቼ ነበር! እንዲለካልኝ እወስደዋለሁ። አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ ስሄድ ከፊት ጎማ አካባቢ ጉርር የሚል ድምፅ አለ። ጎማው መሰለኝ።

ከጋራዥ_ውስጥ

ሊሆን ይችላል፤ የጎማ ኩሽኔታም ሊሆን ይችላል። ጋዝ ስትሰጥና ስትለቅ ድምፁ ከተለወጠ ግን ሞተሩን ወይም ጥርስ መቀነሻውን (የሞተሩን ፍጥነት ቀንሶ ለጎማው የሚያቀብለውን) አስብ። ኢንቨርተሩ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ በሞተሩ ዘንግ አልፎ በኩሽኔታው ይሾልካል። ኩሽኔታውን በጥቃቅን ነጥብ ይበላዋል። ሲጀምር በዝቅተኛ ድምፅ ነው፤ ከዚያ ይጮኻል። በጊዜ ከተያዘ ኩሽኔታውን ብቻ መቀየር ይቻላል። ካለፈ ሙሉ ሞተር ይሆናል።

«ዕድሜ ልክ ዘይት አይቀየርም» የሚባለውንም አትመን። የጥርስ መቀነሻው ዘይት ትንሽ ነው፤ መቀየሩም ርካሽ ነው። ሲወጣ ጥቁርና ብረት የበዛበት ከሆነ አስቀድሞ ይነግርሃል።

ጀማሪ_ገዢ

ተመልሻለሁ። ገመድ ተውሼ ሄድኩ። ሲሰካ መሙላት ጀመረ፤ ትንሽ ቆይቶ አቋረጠ። እንደገና ብንሰካውም ያው ነው። ሻጩ «ገመዱ ነው» አለ። ገመዱን ያዋሰኝ ሰው መኪና ላይ ሞከርነው፤ ያለ ችግር ሞላ። ሻጩ አሁን ዋጋ ልቀንስልህ ይላል። መኪናው ያምረኛል። ምን ላድርግ?

ሂሳብ_አስላ

ተወው። አንዱን የደበቀ ሌላም ይደብቃል።

ሽቦ_አንባቢ

እኔ እስኪታወቅ አልፈርድም። ጀምሮ ማቋረጡ ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ እንዳልሞተ ያሳያል። መሰኪያው ውስጥ የሙቀት ሴንሰር አለ። ፒኑ ላልቶ ከሞቀ ወይም ሴንሰሩ ከተበላሸ መኪናው ራሱን ለመጠበቅ ያቋርጣል። መሰኪያውን የሚይዘው መቆለፊያም ሲደክም እንዲሁ ያደርጋል። እነዚህ ከሆኑ ቀላል ናቸው። የኩለንት ፓምፑ ካልዞረም ሳጥኑ እየሞቀ ያቋርጣል። ኮዱ ሲያቋርጥ ወዲያው ይነበብ።

ከጋራዥ_ውስጥ

ዋጋ ልቀንስ ሲልህ በግምት አትስማማ። ለራስህ መሰኪያ ይሆናል ብለህ ብትቀበልና ሳጥኑ ቢሆን የቀነሰልህ ገንዘብ የትም አይደርስም። ሁለት መንገድ አለ። ወይ በአዲስ ሳጥን ዋጋ ልክ ይቀንስ፣ ወይ እሱ ያስጠግነውና ከዚያ በኋላ ትግዛ። ቀላል ነገር ነው ብሎ የሚያምን ሻጭ ማስጠገኑ አይከብደውም።

ጀማሪ_ገዢ

አሁን ነገርኩት። ላስጠግነው ብሏል። ተሠርቶ ሲመጣ ምን ምን ልይ?

ሽቦ_አንባቢ

ምን እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝና የተፈታውን ዕቃ ጠይቅ። ባትሪውን ወደ 20 በመቶ አውርደህ በቤት ገመድ ያለማቋረጥ እስከ ላይ ሙላው፤ እግረ መንገድህን የሴሎቹን ልዩነት ታያለህ። ስለ ኮዲንግም (ሳጥኑን ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ስለ ማስተዋወቁ) ጠይቅ፤ ሌላ ሳጥን ተገጥሞ ከሆነ መመዝገቡን ያሳዩህ።

ከጋራዥ_ውስጥ

መኪናው ይነሳና ከሥር ይታይ። የባትሪው መያዣ ድንጋይ የመታው፣ የተጎረበጠ ወይም እንደ አዲስ ሲሊኮን የተቀባ ከሆነ ተከፍቷል ወይም ተጎድቷል። ኩለንቱ አምራቹ የሚያዝዘው ዓይነት መሆኑንም አጣራ። አንዳንዶቹ ኤሌክትሪክ በደንብ የማያስተላልፍ ልዩ ኩለንት ይፈልጋሉ፤ ተራው ከተጨመረበት ታጥቦ መውጣት አለበት።

አንተ ግን ብርቱካናማ ገመድ (ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበት) ያለበትን ነገር እንዳትፈታ። ከተዘጋ በኋላም ካፓሲተሮቹ ቮልት ይዘው ይቆያሉ። የሚፈታው ሰው ለ1,000 ቮልት የተሠራ ጓንት ያድርግ፤ ቮልቱ መጥፋቱንም በመለኪያ ያረጋግጥ። ጓንት ሳያደርግ ሊነካው የሚሞክር መካኒክ ካየህ መኪናውን ይዘህ ውጣ።